ከሙምባይ ሙስካት ስንት ሰዓት ነው

አገኘሁሽ ደግሰው ወረቀቷን ነጠላዋ ሥር ደብቃ ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ቆማለች። ሦስት ዓመት ያኖረችው ወረቀት ነው። ታጥፎ ታጥፎ እጥፋቱ ላይ ሊቀደድ ደርሷል፣ ዛሬ ግን ሥራውን ሊሠራ ነው። ከመጋረጃው ወዲያ ሦስት ሽማግሌዎች ቆመዋል። የቆሙት መቀመጫ ጠፍቶ አይደለም፤ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው ነው፣ ወጉ እንዲያ ነው። የመጡትም እሷን ለአሻግሬ ሊጠይቁ ነው። አገኘሁሽ ግን የቆመችው ለደስታ አይደለም። «ዛሬ የእጁን ያገኛል» ትላለች በሆዷ። ይህችን ቀን ለማየት ስምንት ወር ሙሉ ስቃለታለች።

እናንተዬ፣ ሴት ልጅ እንዲህ ቂም የምትይዘው በምን ተበድላ ነው እንዳትሉኝ፣ ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ።

አገኘሁሽ የሰሃላ ልጅ ናት። ሰሃላ መኪና እንደ ልብ የማይገባበት፣ ሰው እግሩን አምኖ የሚኖርበት አገር ስለሆነ መንገድ የሚለካው በሰዓት ነው። ኪሎ ሜትር ብትሏቸው ይስቁባችኋል። አባቷ አቶ ደግሰው ደግሞ በዚሁ ሰዓት ውሸታም ይይዙበታል። «ከዚህ ወንዙ ማዶ ደርሶ መልስ ስድስት ሰዓት ነው። አንተ ጧት ወጥተህ ምሳ ሳይደርስ ተመለስሁ ካልኸኝ፣ አልሄድህም ማለት ነው» ይላሉ፣ ሰውየውም ዓይኑን መሬት ላይ ይተክላል። ጠፋች የተባለች ላም ትሁን፣ ደረሰ የተባለ መልእክት፣ አቶ ደግሰው መንገዱን ቆጥረው ነው የሚፈርዱት፣ ተሳስተውም አያውቁም። አገኘሁሽ ከአባቷ የወረሰችው ይኸንኑ ነው። ሰው ሲያወራት አፉን እያየች ሰዓቱን ትቆጥራለች።

ለትምህርት ሰቆጣ ስትመጣ ነው አሻግሬን ያወቀችው። አሻግሬ የወይዘሮ ሰርክአዲስ አንድ ልጅ ነው። የሟች አባቱ የዳኝነት ስም ገና ያልሞተበት፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ዳገቱ ላይ ትልቅ ግቢ ያለው ቤት ልጅ። እሷ የተከራየችው አንዲት ክፍል፣ ከሰሃላ የመጣ ስንቅና አንድ ቀሚስ ነበራት። ተዋደዱ። እሱ ዩኒቨርሲቲ ገባ፣ ከዚያም ለሁለተኛ ዲግሪ ሕንድ አገር ሙምባይ ሄደ። እሷ ነጥብ አልመጣላትምና ኦማን፣ ሙስካት ከተማ፣ ለሰው ቤት ሥራ ሄደች። ወይዘሮ ሰርክአዲስ ይኸን ሲሰሙ «የዓረብ ቤት ጠራጊ ለልጄ አላመጣም» አሉ፣ ነገሩም ያለቀ መሰላቸው።

አላለቀም። ማዳሟ ስልኳን ወስዳባት ስለነበር የሚገናኙት በደብዳቤ ነበር። ዓርብ ዓርብ፣ በዚያ አገር የዕረፍት ቀን ነውና፣ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ከሙምባይ የመጣ ተማሪ ያደርስላታል፣ በሚሄድ ሰው ትመልሳለች። አንዴ እንዲህ ጻፈላት፦ «ካርታ ላይ ለካሁት። ከእኔ እስከ አንቺ በአየር አንድ ሺህ አምስት መቶ ስድሳ ኪሎ ሜትር ግድም ነው። አንቺ ኪሎ ሜትር ስለማትወጂ በሰዓት ልንገርሽ። አውሮፕላኑ ሦስት ሰዓት እንኳ አይሞላበትም። ከሰሃላ ሰቆጣ አንድ ቀን ተኩል ተጉዘሽ የመጣሽልኝ ልጅ፣ አሁን የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ የለብንም።» ይህችን ደብዳቤ ልብስ ስትተኩስ ታነባለች፣ ሩዝ ስትለቅም ታነባለች። አጠገቤ ነው ትል ነበር። ባሕር በመካከላቸው ተኝቶ አጠገቤ ነው ማለት ፍቅር ካልሆነ ምን ይባላል።

ሁለት ጊዜ እመጣለሁ ብሎ ቀረባት። አንዴ ፈተና፣ አንዴ ቪዛ። በሦስተኛው ጊዜ ደብዳቤና የትኬት ወረቀት አንድ ላይ መጡላት። «ሐሙስ እመጣለሁ» ይላል ደብዳቤው። «አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ጠብቂኝ። ያንን ቢጫ ሻሽሽን እሠሪ። ካልመጣሽ እንደተውሽኝ እቆጥረዋለሁ፣ ሁለተኛም አላስቸግርሽም።»

ማዳሟን ሦስት ቀን ለምና ፈቃድ አገኘች። ሐሙስ ቢጫ ሻሿን አሥራ ኩሽና ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። መቼ መነሣት እንዳለባት ልታሰላ ብላ የማዳሟን ልጅ «ከሙምባይ ሙስካት ስንት ሰዓት ነው?» አለቻት። ልጅቱ ስልኳን አየችና «ሁለት ሰዓት ከሃምሳ» አለቻት። አገኘሁሽ ትኬቱን አወጣች። የፈረንጁን ሰዓት ወደ እኛ መለሰችው፤ ከሙምባይ የሚነሣው አሥር ሰዓት ከአሥር፣ ሙስካት የሚደርሰው አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል። በጣቷ ቆጠረች። አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ። እንደገና ቆጠረች። አንድ ሰዓት ከሃያ።

የአባቷ ድምፅ ጆሮዋ ላይ መጣ። አልሄድህም ማለት ነው።

ያን ቀን የተሰማትን ለማንም ተናግራው አታውቅም። ሻሿን ፈታ ዕቃ ማጠቢያው ሥር ወረወረችው። ወረቀቱን ራሱ ሠርቶት፣ እኔ በር ላይ ተገትሬ ስጠብቀው እሱ ከጓደኞቹ ጋር ሊስቅብኝ ነው አለች። የገጠር ልጅ ናት፣ የሰው ቤት ሠራተኛ ናት፣ ሰዓት መቁጠር አታውቅም ብሎኛል አለች። ይህችኛዋ ነች ከሁሉ ያቃጠለቻት። እሷ፣ የደግሰው ልጅ፣ ሰዓት መቁጠር አታውቅም! በማግሥቱ ዓርብ ቤተ ክርስቲያን አልሄደችም፣ ከዚያ ወዲያም ወራት አልሄደችም። አንድ መስመር ደብዳቤ አልጻፈችም፣ ከእሱም አልመጣላትም። አልመጣላትም ማለት ደግሞ ለእሷ ሁለተኛ ማስረጃ ሆነ።

ውሏ አልቆ ሰቆጣ ተመለሰችና የማር ሱቅ ከፈተች። ነጭ ማር፣ የአገሯን ማር፣ በሚዛን እየመዘነች ትሸጣለች። ከስምንት ወር በፊት በገበያ ቀን አንድ ረጅም ሰው በሩን ሞልቶ ቆመ። አሻግሬ ነው። ትምህርቱን ጨርሶ በውኃ መሥሪያ ቤት ተቀጥሯል። ከዚያ ምን ቢላት ጥሩ ነው?

«ስለ ሙስካት አንድም ቃል አናንሣ። እኔ ይቅር ብዬሻለሁ።»

ይቅር ብዬሻለሁ? ማን ማንን? የዚያን ዕለት ደሟ ፈልቶ የማር መመዘኛውን ልትወረውርበት ነበር። ግን አልወረወረችም። ፈገግ አለችና «እሺ፣ አናንሣ» አለችው። በዚያች ፈገግታ ውስጥ ነው ሁሉን ነገር የጨረሰችው። የወደደችው ትመስላለች፣ እንዲወዳት ታደርገዋለች፣ ከእናቱ ታጣላዋለች፣ ሽማግሌ እስኪልክ ትጠብቀዋለች፤ ከዚያ ሽማግሌዎቹ ፊት የውሸት ትኬቱን ዘርግታ ሰቆጣ ሙሉ እንዲስቅበት ታደርጋለች።

ያሰበችው ሁሉ ሠመረላት። አሻግሬ ማር የማይበላ ሰው፣ በየገበያው ቀን ማር ገዛ። እናቱ «ወይ እኔን ወይ እሷን» ሲሉት ሻንጣውን ይዞ ወጥቶ ከተማ ውስጥ ቤት ተከራየ። አገኘሁሽ ይኸን በሰማች ቀን ደስ አላት፤ እውነቱን መደበቅ ምን ያደርጋል፣ በጣም ደስ አላት። አንዳንዴ ብቻ ማሩን ስታቀብለው ጣታቸው ይነካካና እጇን ቶሎ መመለስ ትረሳለች። ያን ቀን ማታ ወረቀቱን አውጥታ ታነባለች። አንድ ሰዓት ከሃያ። ንዴቷ ይመለስላታል፣ ትረጋጋለች።

እንግዲህ የዛሬው እሑድ በዚህ ሁሉ ላይ የመጣ ነው።

«አቶ ደግሰው» አሉ ከሽማግሌዎቹ ትልቁ፣ መሪጌታ አሥራተ ማርያም። «ልጅዎን ለልጃችን ለአሻግሬ ብለን ደጅዎን ጠንተናል።»

አቶ ደግሰው ለዚሁ ጉዳይ ከሰሃላ በእግራቸው የመጡ ናቸው። «ደኅና መጣችሁ። እንግዲህ እኛም እንመካከር፣ በአሥራ አምስት ቀን ተመለሱ» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ መጋረጃው ተገለጠ።

«አባባ፣ ቀጠሮ አይስጧቸው» አለች አገኘሁሽ። «መልሱን እኔ ዛሬ እሰጣቸዋለሁ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ልጅቱ በሽማግሌ ፊት መናገሯ ያልተለመደ ነው። እሷ ግን ወረቀቱን ዘርግታ በቀጥታ ከሦስቱ አንዱ ወደሆኑት ወደ መምህር ዘበነ ሄደች። መምህር ዘበነ እሷንም አሻግሬንም ጂኦግራፊ ያስተማሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው።

«መምህር፣ እርስዎ ይዩት። የላካችሁ ሰው ከሦስት ዓመት በፊት በዚህ ትኬት እመጣልሻለሁ ያለኝ ነው። ከሙምባይ ሙስካት በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ነው። ይኸ ወረቀት ግን በአንድ ሰዓት ከሃያ ደረስሁ ይላል። አባባ፣ እንዲህ ያለውን ሰው በሰሃላ ምን ይሉታል?»

«አልሄደም ማለት ነው» አሉ አቶ ደግሰው፣ ከአፋቸው አምልጧቸው።

«ይኸው ተፈረደ። ለውሸታም አልዳርም ብላለች በሉት። ውጪ ገበያ ላይም ንገሩልኝ።»

መሪጌታ ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። ሦስተኛው ሽማግሌ ወደ በሩ ተመለከቱ፣ መውጫ የሚፈልግ ሰው አስተያየት ነው። አገኘሁሽ ይህችን ቅጽበት ስምንት ወር በሐሳቧ ስታያት ነበር፤ ዛሬ በዓይኗ ስታያት ጣፈጠቻት። ፊታቸው ሁሉ የአሻግሬ ፊት መሰላት።

መምህር ዘበነ ግን መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ወሰዱት፣ ቆይተው ቆይተው አነበቡት።

«አገኘሁሽ» አሉ በመጨረሻ፣ ክፍል ውስጥ ጥያቄ ሲጠይቁ እንደነበረው ቀስ ብለው። «ሙስካት ሳለሽ፣ እዚህ አገር ስንት ሰዓት እንደሆነ ታውቂ ነበር?»

«አዎ። እኛ በአንድ ሰዓት እንቀድማችሁ ነበር።»

«ሙምባይስ?»

«ሙምባይን ጠይቄ አላውቅም።»

«ሙምባይ ደግሞ ሙስካትን በአንድ ሰዓት ተኩል ትቀድማለች። ወደ ፀሐይ መውጫ ናት። የአውሮፕላን ትኬት መነሻውን በተነሣበት አገር ሰዓት ይጽፋል፣ መድረሻውን በደረሰበት አገር ሰዓት። ወረቀቱ አንድ ነው፣ ሰዓቱ ግን ሁለት ነው። እሱ ሙምባይ አሥር ሰዓት ከአሥር ላይ ሲነሣ፣ አንቺ ያለሽበት ገና ስምንት ከአርባ ነበር። እስቲ ከዚያ ቁጠሪ።»

አልፈለገችም፣ ጣቷ ግን በራሱ ቆጠረ። ከስምንት ከአርባ ዘጠኝ ከአርባ። አሥር ከአርባ። አሥራ አንድ ተኩል። ሁለት ሰዓት ከሃምሳ። ደቂቃ አልጎደለም፣ ደቂቃ አልተረፈም።

ከሰቆጣ ሞያሌ ብትሄዱ ሰዓታችሁን አትነኩትም። ሰሃላማ ሰዓቱ እግር ነው፣ እግር ደግሞ ሁለት አገር ላይ ሁለት ዓይነት አይቆጥርም። አገኘሁሽ ቆጠራዋ አልተሳሳተም ነበር፤ የቆጠረችው የአባቷን አገር መንገድ ነው።

«መንገዱስ ልክ ሆነ» አሉ አቶ ደግሰው፣ ድምፃቸው ሰልሎ። «ወረቀቱ ልክ ነው ማለት ግን ሰውየው ሄዷል ማለት አይደለም። ይኸን የሚያውቀው አንድ ሰው ነው። ሂጂ ጠይቂው።»

አሻግሬ ሽማግሌዎቹን አድርሶ ከአጥሩ ውጪ ባሕር ዛፉ ሥር እየጠበቀ ነበር። ስትመጣ ሲያያት ፈገግ ሊል ጀመረና ፊቷን አይቶ ተወው።

«እምቢ አሉ?»

«ሙስካት መጥተህ ነበር?»

«አናንሣው አልተባባልንም እንዴ?»

«አንተ ነህ ያልኸው፣ እኔ አላልሁም። መጥተህ ነበር ወይ?»

መልሱን ወደ መሬት እያየ ነው የነገራት። «ሐሙስ በሩ ላይ እስከ እኩለ ሌሊት ቆምሁ። ቢጫ ሻሽ ያሠረች ሴት ባለፈች ቁጥር ጠጋ ብዬ አያለሁ። ዓርብ ቤተ ክርስቲያናችሁ ሄድሁ። አንድ እጁ የማይሠራው ዘበኛ አለ አይደል፣ ‘ዓርብ ቀርታ አታውቅም፣ ጫማዋን የማስቀምጥላት እኔ ነኝ’ ብሎ ወንበሩን ለቀቀልኝ። ቅዳሴው አለቀ፣ ሰው ሁሉ ሄደ። ‘ዛሬስ ምን ነካት’ አለ ዘበኛው። እኔ ግን ገብቶኝ ነበር። ቅዳሜ ተመለስሁ።»

ዘበኛው። ያ እጁ የማይሠራው ሰው ጫማዋን ከሌላው ሰው ጫማ ለይቶ ከወንበሩ ሥር ያስቀምጥላት ነበር። ይኸን ሰቆጣ ውስጥ የሚያውቅ አንድ ነፍስ የለም። አገኘሁሽ አጥሩን ተደገፈች። እሱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ በሩን በሩን ሲያይ፣ እሷ ከዚያ ሩቅ ባልሆነ ቤት ምንጣፍ እየጠረገች ትረግመው ነበር።

«ትኬቱ ውሸት መስሎኝ ነው» አለችው። ሰዓቱን እንዴት እንደቆጠረች ነገረችው፣ እንባዋ ቃሏን እየቆራረጠው።

አሻግሬ ሳቅ አመለጠው፣ ወዲያው ግን ጠፋ። አንድ ነገር ሲገባው ታያት።

«ታዲያ እንደዚያ እያሰብሽ ስምንት ወር ለምን ሳቅሽልኝ?»

መዋሸት ትችል ነበር። አልዋሸችም። «ላዋርድህ ነው።»

«ማር ስትመዝኝልኝ?»

«ያኔም።»

«ከእናቴ ቤት የወጣሁ ቀንስ?»

«ደስ ብሎኝ ነበር» አለች። «በኋላ ግን፣ አሻግሬ፣ በኋላ አንተን ባየሁ ቁጥር ራሴን ነበር የምቆጣው። ንዴቴ እንዳይጠፋብኝ ወረቀቱን በየማታው አነበው ነበር።»

የኋለኛውን አልሰማትም። ወይም ሰምቶ አልፈለገውም። ዓይኑ ውስጥ ያየችው ነገር አዲስ አልነበረም፤ ሦስት ዓመት ሙሉ በራሷ መስታወት ውስጥ ያየችው ነው።

«አንድ ጊዜ ባሕር ተሻግሬ መጣሁ፣ ዛሬ ሽማግሌ ይዤ መጣሁ» አለ። «ሁለቱንም ጊዜ ደጅ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ከእንግዲህ አልመጣም። አንቺ ደግሞ እንደኔ ቁመሽ እዪው።»

«ወዴት ነህ?»

«እናቴ ቤት። እሷ እንኳ የጠላችውን ሰው ፊት ለፊት ነው የምትጠላው።»

ሄደ። ወደ ኋላም አልዞረም። እሷ እንዲህ አድርጋ ልትጥለው ነበር ያሰበችው፣ ልክ እንዲህ፣ ሳትዞር። ምን ያህል እንደሚያም አሁን አወቀችው።

ቤት ስትገባ ሽማግሌዎቹ እንደቆሙ ናቸው። «መጥቶ ነበር» አለች። የሆነውን ሁሉ እያቋረጠች ነገረቻቸው፣ የራሷንም ተንኮል አልደበቀችም። መሪጌታ «እንግዲህ እኛም መንገዳችንን እንያዝ» ብለው በትራቸውን አነሡ።

አቶ ደግሰው ከመቀመጫቸው ተነሡ። «መሪጌታ፣ ይቀመጡ። ከእንግዲህ የምቆመው እኔ ነኝ።»

«ምን ሊያደርጉ?»

«ሦስታችሁም ወይዘሮ ሰርክአዲስ ቤት ትወስዱኛላችሁ። ልጁን ለልጄ እጠይቃለሁ።»

«አቶ ደግሰው፣ የሴት ወገን ሽማግሌ ሲልክ የት ታይቷል? ሰው ምን ይላል? ሴትዮዋስ ቢሆኑ መቼ ያስገቡናል፣ በር ላይ ነው የሚገትሩን።»

«እንገተራለን። ሰውም ያለውን ይበል።» አቶ ደግሰው ወደ ልጃቸው ዞሩ። ሰሃላ ውስጥ ስንቱን ሰው ዓይኑን መሬት ያስተከሉ ሰው፣ አሁን የራሳቸው ዓይን መሬት ላይ ነበር። «ልጄ፣ አንቺ የቆጠርሽው እኔ ባስተማርሁሽ ነው። የኔ ቆጠራ ከሰሃላ ወጥቶ እንደማይሠራ አላውቅም ነበር። እኔው ልካሰው።»

አገኘሁሽ እግራቸው ላይ ልትወድቅ ስትል ትከሻዋን ያዟት። በሕይወቷ አባቷ ሲለምኑ አይታ አታውቅም። ባየችው ቀን ደግሞ የሚለምኑት ለእሷ ሆነ።

በሩ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ። «መምህር፣ ከዚህ ሴትዮዋ ቤት ስንት ሰዓት ነው?»

«ለእኛ እግር አንድ ሰዓት ከሩብ።»

አቶ ደግሰው በትራቸውን አስተካክለው ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ሰምተሻል። ደርሶ መልስ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። በሁለት ሰዓት ተኩል ተመልሼ እምቢ አሉኝ ካልሁሽ እንዳታምኚኝ። አልለመንሁም ማለት ነው።»

ዳገቱን ይዘው ሲወጡ አራት ሰዎች፣ አራት በትር፣ ከዓይኗ እስኪጠፉ አየቻቸው። ከዚያ ሳጥኗን ከፍታ ከሥር የነበረውን ቢጫ ሻሽ አወጣች። ያን ጊዜ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር መልሳ አንሥታው ነበር፣ ለምን እንዳነሣችው ራሷም አታውቅም። አሠረችውና ደጁ ላይ ቆመች። መቀመጫ ነበራት፣ ግን አልተቀመጠችም።

አንድ ሰዓት ሄደ። ሁለት ሰዓት ሄደ። ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሞላ ዳገቱን አየች፣ ማንም የለም። ሦስት ሰዓት ሆነ፣ ማንም የለም። ሦስት ተኩል። አባቷ አሁንም እዚያ ቆመው እየለመኑላት ነው። አገኘሁሽ ጣቶቿን አጠፈቻቸው፣ መቁጠሯንም ተወች። ሰው ስለዘገየባት ደስ ሲላት ይህ የመጀመሪያዋ ነው።